አያታችሁ ጣልያን ከነበረ ዜግነቱን እንዴት ትጠይቃላችሁ

አያቴ ጣልያን ነበር የሚል ሰው አዲስ አበባም ደሴም ጎንደርም አለ፣ አስመራማ አይነሳ። ግን የጣልያን ህግ የሚያየው መልክ ሳይሆን ወረቀት ነው፣ ስለዚህ ለደላላ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፣ ሰውየው ልጁን በህግ "ልጄ ነው" ብሎ አስመዝግቧል ወይ?

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ የፋሺስት ህግ ጣልያን አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበር፣ የተሻረው በ1947 ነው፣ በዛ መሃል የተወለዱ ብዙ ልጆች በእናታቸው አባት ስም ነው ያደጉት። ይሄ ግፍ ነው፣ ዛሬም የልጅ ልጆቻቸው ናቸው ዋጋውን የሚከፍሉት። ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ አባትየው በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ወይ በኑዛዜ አምኖ ሊሆን ይችላል፣ ያ በህግ እውቅና ነው። የክርስትና ወረቀትና ደብዳቤ ብቻውን እውቅና አይሆንም ግን ማስረጃ ይሆናልና አትጣሉት።

ምንም ከሌለ በጣልያን ፍርድ ቤት አባትነት ማስወሰን አለ፣ ዲኤንኤም ይረዳል። ልጁ ራሱ በህይወት ካለ ጊዜው አያልፍበትም፣ ከሞተ ግን ዘሮቹ ያላቸው ከሞቱ ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው። አባታችሁ ወይ እናታችሁ አርጅተው ቤት ካሉ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ በናታችሁ። ደግሞ አዋቂ ከሆነ በኋላ አባቱ ያመነለት ወይ በፍርድ ቤት አባትነት የተወሰነለት ሰው ዜግነቱ በራሱ አይመጣለትም፣ በጊዜ ገደቡ ውስጥ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቅ አለበት።

ሌላው የ2025ቱ ህግ ነው። ድሮ የትውልድ ገደብ አልነበረም፣ አሁን ግን በአብዛኛው ወላጅ ወይ አያት የጣልያን ዜግነት ብቻ ያለው፣ ወይም ሲሞት የጣልያን ዜግነት ብቻ የነበረው መሆን አለበት። በቅድመ አያት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው ቀርቶበታል፣ እስከ ማርች 27 ቀን 2025 ያመለከቱት ናቸው በድሮው የሚታዩት።

ወረቀቱ ላይ እንምጣ። ከአያታችሁ የትውልድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ እነሱ ኮሙኔ የሚሉት፣ ስታቶ ቺቪሌ ለሚባለው ክፍል በጣልያንኛ ኢሜይል ጽፋችሁ የአባትና የእናት ስም ያለበት የልደት ማስረጃ ጠይቁ። ከተማውን ካላወቃችሁ አንቴናቲ የሚባለው የጣልያን መዛግብት ዌብሳይት በነጻ ይታያል፣ ወታደር ከነበረ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የመንግስት መዝገብ ቤት የምልመላ ዝርዝር አለው።

ከኛ በኩል የሚያስቸግረው ስምና ቀን ነው። ጁሴፔ የነበረው እኛ ጋ ዮሴፍ ተብሎ ይጻፋል፣ ሐምሌ 1 ቀን 1935 የተወለደ ሰው በነሱ ጁላይ 8 ቀን 1943 ነው፣ አንዱ ዶክመንት ላይ 1942 ከተባለ ፋይሉ ይቆማል። ስለዚህ ከማስተርጎማችሁ በፊት ሁሉንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፣ የሚለያይ ካለ እዚሁ አስተካክሉ። ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ጉዳይ፣ በመጨረሻ የጣልያን ኤምባሲ። ማመልከቻው ለአንድ አዋቂ 600 ዩሮ ነው፣ ባይሳካም አይመለስም፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ እውቅናውን አጣሩ ያልኩት።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ይሄን እወቁ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሰረት ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያውን እንደተወ ነው የሚቆጠረው። ከዛ በኋላ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ታወጣላችሁ፣ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መስራት ትችላላችሁ፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም፣ በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይም መቀጠር የለም።