በስለላ ፊልም ውስጥ መሣሪያ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፊልም ላይ የታየው ሽጉጥ "ምንድን ነው?" ከተባለ ክርክሩ ቶሎ ይጦፋል። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ግን ስለ መሣሪያ ስለማናውቅ አይደለም፤ ፊልሙ የነገረንን አምነን ስለምንቀበል ነው። ለዚህ በ1962 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣውን "ዶክተር ኖ" የተባለውን የጄምስ ቦንድ ፊልም የሚያህል ማሳያ የለም።

ተዋናዩ የጠራውን ስም ማመን

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አውራ ነው። ፊልሙ ላይ አለቃው ኤም የቦንድን ቤሬታ ይቀማውና በምትኩ ዋልተር ፒፒኬ ይሰጠዋል። ስሙ በግልጽ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ቦንድ ሲነሳ ፒፒኬም አብሮ ይነሳል። ካሜራው ፊት የቀረበው ሽጉጥ ግን ፒፒኬ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሙ ዋልተር ፒፒ ነው።

ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። ፒፒ በ1929 ወጣ፣ ፒፒኬ ጥቂት ቆይቶ አጠር ተደርጎ ተሠራ። የፒፒ አፈሙዝ 98 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የፒፒኬ 83 ነው። በ7.65 ሚሊ ሜትር ጥይት ፒፒ ካዝናው ውስጥ 8 ይይዛል፣ ፒፒኬ 7። ስክሪን ላይ ማስመሪያ ይዞ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ እጀታውን እዩ። የተለመደው ፒፒኬ እጀታ ከኋላ ዞሮ ብረቱን ይሸፍናል። ፒፒ ላይ ግን ከመዳፍ ጋር የሚገናኘው የኋላ ብረት ባዶውን ይታያል፣ መሸፈኛው ግራና ቀኝ ብቻ ነው።

እዚያው ፊልም ውስጥ የባሰም አለ። የዶክተር ኖ ተባባሪ የሆነው ፕሮፌሰር ዴንት ቦንድን ሊገድል ገብቶ ባዶ አልጋ ላይ ይተኩሳል። በኋላ እንደገና ቃታ ሲስብ ጥይት የለም። ቦንድ መሣሪያው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መሆኑንና ስድስቱን እንደጨረሰ ይነግረዋል። ንግግሩ ለስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ቢሆን ያምር ነበር። ዴንት የያዘው ግን የኮልት 1911 ዓይነት ሽጉጥ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ መደበኛ ካዝናውም የሚይዘው 7 ነው። ስሙም ቁጥሩም ስህተት! ቦንድ ራሱ ዴንትን የሚገድልበት መሣሪያም ፒፒኬ አይደለም፤ ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት የቤልጅየሙ ኤፍኤን 1910 ነው። ይህን ለመለየት ከኋላው በኩል ማየት ይበቃል። ዋልተሮቹ ላይ ጥይቱን የሚያስመታው መዶሻ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ኤፍኤኑ ግን መዶሻ ስለሌለው፣ ጥይቱንም የሚያስመታው ከውስጥ ያለ መርፌ ስለሆነ፣ ከውጭ ምንም አይታይም።

ፖስተሩን እንደ ማስረጃ ማቅረብ

ቦንድን የተጫወተው ሾን ኮኔሪ ረጅም አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ደረቱ ላይ አስጠግቶ የቆመበትን ፎቶ ያላየ የፊልም ወዳጅ ጥቂት ነው። "ይኸው፣ ፒፒኬ ከነድምፅ ማፈኛው" የሚል አይጠፋም። እውነታው ያስቃል። ፎቶ ማንሻው ቀን ፒፒኬው ስላልመጣ ፎቶ አንሺው ዴቪድ ኸርን የራሱን ዋልተር ኤልፒ 53 አውጥቶ ሰጠው። ይህ በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ለዒላማ ልምምድ የተሠራ ሽጉጥ ነው። የዓለም ቁጥር አንድ ሰላይ የልምምድ መሣሪያ ይዞ ቆመ! ያ ሽጉጥ በ2010 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ከ270 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጧል።

"9 ሚሊ ሜትር" ሲባል አንድ ዓይነት ጥይት መስሎ መታየት

በ2012ቱ "ስካይፎል" ቦንድ የሚሰጠው ፒፒኬ/ኤስ "9 ሚሊ ሜትር አጭር" ይጎርሳል። ይህ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለህ ያለው ነው። ብዙ ፖሊስና ወታደር የሚይዘው 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ግን 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኃይሉም ከፍ ያለ ነው። አንዱ ለአንዱ አይሆንም። ፒፒኬ/ኤስ ራሱ የመጣው አሜሪካ በ1968 ባወጣችው ሕግ ምክንያት ፒፒኬ በትንሽነቱ ወደዚያ እንዳይገባ ስለተከለከለ ነው። ዋልተር የፒፒን የታችኛውን አካል ከፒፒኬ የላይኛው ጋር አገናኝቶ ከፍታውን ጨመረና አሳለፈው። ስለዚህ ከላይ የነገርኳችሁ የኋላ ብረት እዚህም ላይ ባዶውን ይታያል። እጀታውን ብቻ አይተን "ፒፒ ነው" ብንል እንሳሳታለን፤ የአፈሙዙ እጥረት አብሮ መታየት አለበት።

ጠማማ ካዝና ያለውን ሁሉ የሩሲያ ክላሽ ማለት

እኛ አገር ክላሽ ሲባል የማያውቅ ስለሌለ እዚህ ላይ ሁሉም ሊቅ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ግን የምዕራብ ፊልም ሠሪዎች የሶቪየት መሣሪያ እንደልብ አያገኙም ነበር። የክላሽ ቅጂ በሆኑት በቻይናው ታይፕ 56ና በግብፁ ማዲ ብዙ ተጠቅመዋል። አፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያ እዩ። በቻይናው ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት ነው፤ በሶቪየቱ ላይ ላዩ ክፍት የሆነ፣ ሁለት ጆሮ ያለው።

በጆሮ መለየት

ይሄን ባጭሩ ልለፈው። ድምፁ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ግሎክ የተባለው ሽጉጥ ከውጭ የሚሳብ መዶሻ የለውም፣ ፊልም ላይ ግን መዶሻ እንደተሳበ "ቀጭ" ሲል ትሰማላችሁ። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥም እንደ ሹክሹክታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ120 ዴሲቤል በላይ ነው። ጎረቤት ይሰማል።

በአንድ ፎቶ መፍረድ

ያው ገጸ ባህሪ በአንድ ትዕይንት ውስጥ እንኳ ሁለት መሣሪያ ሊይዝ ይችላል። በቅርብ ሲቀረጽ እውነተኛው፣ ሲሮጥና ሲወድቅ የጎማው። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ከቅርብ የተነሳውንም ከሩቅ የተነሳውንም አስቁማችሁ እዩ፤ ካልገጠሙ ሁለቱንም መዝግቡ።