ወለድ ጨመረ፣ ገንዘቡ ወረደ፤ የፎሬክስ ጀማሪዎች የማይተዋቸው ስህተቶች

"ወለድ ጨምሯል እኮ! ታዲያ ገንዘቡ ለምን ወረደ?" ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ውሳኔ ባሳወቀ ቁጥር ይህ ጥያቄ ከአንድ የፎሬክስ (የውጭ ገንዘቦች ንግድ) ጀማሪ አይቀርም። ብናገር ብናገር የሚሰማ ስለጠፋ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውና ዋናው ስህተት የውሳኔውን ዜና አይቶ መግዛት ነው። ገበያው የሚገበያየው ዛሬ ባለው ወለድ አይደለም፤ ነገ ይኖራል ብሎ በሚጠብቀው ነው። ባንኩ እንደሚጨምር ሁሉም ካመነ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ቀደም ብለው ገዝተዋል። ዜናው ሲወጣ ትርፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። እናንተ በደስታ ስትገዙ የሚሸጥላችሁ ማን ይመስላችኋል?

ማርች 19 ቀን 2024 የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ከ2007 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለድ ጨመረ። ከዜሮ በታች የነበረው ተመን አበቃ። ታሪካዊ ውሳኔ ነበር። የጃፓን ገንዘብ የን ግን በዚያው ቀን ተዳክሞ አንድ ዶላር ከ150 የን በላይ ገባ። ለምን? ወሬው ቀድሞ በጋዜጦች ወጥቶ ነበር። ባንኩም ብድር ለጊዜው ርካሽ ሆኖ እንደሚቀጥል ተናገረ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለ10ኛ ተከታታይ ጊዜ ጨምሮ የተቀማጭ ወለዱን 4 በመቶ አደረሰ። ዩሮ ወደቀ። መግለጫው ጭማሪው እዚህ ላይ ሊበቃ እንደሚችል ይጠቁም ነበራ!

ስለዚህ "ምን ይወስናል?" ብቻ አትበሉ። "ምን ተጠብቋል? ከዚያ የተለየ ምን ሊመጣ ይችላል?" በሉ። ለፌድ፣ ማለትም ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ሲኤምኢ የተባለው የአሜሪካ የግብይት ድርጅት ያዘጋጀው ፌድዋች የተሰኘ መሣሪያ ገበያው ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሰጠውን ዕድል በፐርሰንት ያሳያል። ለጭማሪ 95 በመቶ ዕድል ከተሰጠ ጭማሪው ዜና አይደለም፤ ዜና የሚሆነው ቢቀር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የ2 ዓመት ቦንድ (የሚበደርበት ሰነድ) ለገዢው የሚያስገኘው ትርፍም ወዴት እያመራ እንደሆነ ተመልከቱ። ግምቱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነቃነቀው እሱ ነው።

አንድ ባንክ ብቻ መከታተልም አለ። ዩሮ ከዶላር ጋር ስትነግዱ ሁለት ባንኮች አሉ። ፌድ ወለድ ቢቀንስም ሌላኛው ይበልጥ ይቀንሳል ከተባለ ዶላር ሊጠነክር ይችላል።

መግለጫው እንደወጣ ዘሎ መግባት። ፌድ ውሳኔውን በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት (በፈረንጆች 2 PM) ላይ ያወጣል፤ ሊቀመንበሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይናገራል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ በሁለተኛው ሲገለበጥ ስንቱን አየን።

የፌድ ባለሥልጣናት የሚያወጡትን የነጥብ ሰንጠረዥ (እያንዳንዳቸው ወለዱ የት ይደርሳል ብለው እንደሚገምቱ በነጥብ የሚያሳይ) እንደ ቃል ኪዳን መቁጠርም ሌላው ነው። የዲሴምበር 2021ዱ ሰንጠረዥ ለ2022 ሦስት ትንንሽ ጭማሪዎችን፣ በዓመቱ መጨረሻም 0.9 በመቶ ገደማ ወለድ ያሳይ ነበር። 2022 ሲያልቅ ተመኑ ከ4.25 እስከ 4.50 በመቶ ደርሷል። ግምት ነው ጎበዝ!

"ከፍተኛ ወለድ ማለት ጠንካራ ገንዘብ ማለት ነው" የሚሉት ደግሞ ቱርክን ይዩ። በማርች 2024 ተመኑ 50 በመቶ ገባ፤ ሊራ መውረዱን ቀጠለ። የዋጋ ግሽበቱ ከወለዱ በላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ የብሪታንያ ቦንዶች ትርፍ ሽቅብ ሲወጣ ፓውንድ ከዶላር አንጻር ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ። ገንዘቡ የሸሸው የመንግሥትን የበጀት ዕቅድ ፈርቶ ነው።

በርካሽ የን ተበድሮ ውድ ወለድ ያለውን ገንዘብ መያዝ፣ ማለትም ኬሪ ትሬድ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚከፍል ያባብላል። በጁላይ 2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር 161 የን ያህል ነበር። በወሩ መጨረሻ የጃፓን ባንክ ወደ 0.25 በመቶ ጨመረ፤ የአሜሪካ የሥራ ገበያ ቁጥርም ደካማ ሆኖ መጣ። ኦገስት 5 ላይ ዶላሩ ወደ 142 የን አካባቢ ወረደ፤ የን ሲጠነክር የን የተበደሩት ዕዳቸው ከበደ። የወራት ወለድ በቀናት ተበላ።

በመጨረሻ፣ ስቶፕ ሎስ (ዋጋው አንድ ደረጃ ሲደርስ ኪሳራን ለመገደብ ንግዱን የሚዘጋ ትእዛዝ) አስቀምጫለሁ ብሎ መተኛት። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊስ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ገደብ በድንገት አነሳ። በዚያው ቀን ወለዱን ወደ ከዜሮ በታች 0.75 በመቶ ቢቀንስም ፍራንክ ተተኮሰ። ብዙ ስቶፖች ከተቀመጡበት ዋጋ እጅግ ርቀው ነው የተፈጸሙት፤ ከዜሮ በታች ገብተው ባለዕዳ የሆኑ አካውንቶችም ነበሩ። ስቶፕ ሎስ የሚያስወጣችሁ በዚያ ሰዓት በሚገኘው ዋጋ እንጂ በመረጣችሁት አይደለም። በውሳኔ ቀን ሌቨሬጁን (ከራሳችሁ ገንዘብ በላይ በብድር የምትነግዱበትን መጠን) ቀንሱ፣ ወይም ከነጭራሹ አትግቡ።