ትንንሽ የውድድር መኪኖችን እንዴት እንሰብስብ? (ቁጥራቸውን ሳናጠፋ)

መጀመሪያ አንድ ውድድር ምረጡ። ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ሰው መጨረሻው የልጆች መጫወቻ የሞላ ካርቶን ነው። እኔ ሌ ማንን ይዣለሁ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)።

ቀጥሎ መጠን። 1፡43 ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና 43 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። 4 ሜትር ከ30 የሚረዝም መኪና 10 ሴንቲ ይሆናል። በ1፡18 ያው መኪና 24 ሴንቲ ግድም ይመጣል፤ ያምራል፣ ግን ቦታ ይበላል። ለተከራይ 1፡43 ይበቃል። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ግዢው ላይ ዘመድ ይጠቅማል። ደሴ ፒያሳን ዞሬ ያገኘሁት መጫወቻ ብቻ ነው። የኔዎቹ ከአረብ አገር በአክስቴ ልጅ ሻንጣ ነው የመጡት። የሚያመጣላችሁን ሰው «አደራ፣ ከመቆሚያው እንዳትፈታው» በሉት። ከሥር ያለው ቪት ከተፈታ መስታወቱና የኋላ ክንፉ ሻንጣ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከሬዚን (ፕላስቲክ መሳይ ደረቅ ነገር) የተሠሩት ቆንጆ ናቸው፣ ግን ቶሎ ይሰበራሉ። ለጀማሪ ብረቱ ይሻላል። አሮጌ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። ብረት ያልኩት ዚንክ ነው፤ ውስጡ እርሳስ ከገባበት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ያፋጥነዋል፣ መድኃኒት ደግሞ የለውም።

እርጥበት ካልኩ አይቀር፣ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ይገባል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ ብፌው ውስጥ አስቀምጧት። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚኖረው ጓደኛዬ ጠላቱ ፀሐይ ነው። መስኮት አጠገብ ያቆመው ቀይ መኪና ገርጥቷል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። እኛ ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን ይጨሳል። ብፌው ዝግ ቢሆንም ጭሱ ገብቶ ሙጫ መሳይ ነገር ይተዋል፤ አቧራው እሱ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ፎርድ ጂቲ40 ነበረኝ። ውሃ ሰማያዊ፣ መሐሉ ብርቱካናማ፣ በሩ ላይ 6 ቁጥር። የአረፋ ዋዜማ እንግዳ ይመጣል ብዬ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጌ በሩን አሸሁት። ቆሻሻው ለቀቀ። 6ቱም አብሮ ለቀቀ።

«ቁጥር ምን አላት» እንዳትሉ። ሻሲ ቁጥሩ 1075 የሆነው እውነተኛ ጂቲ40፣ ያው አንድ መኪና፣ ሌ ማን ላይ በ1968 9 ቁጥር፣ በ1969 6 ቁጥር ለጥፎ ሁለቴ አሸንፏል። በ1969 ሌሎቹ ነጂዎች ወደየመኪናቸው ሲሮጡ የዚህ መኪና ነጂ ጃኪ ኢክስ አጀማመሩን ተቃውሞ ቀስ ብሎ ተራመደ። ቀበቶውን አሰረ። ከሁሉም ኋላ ተነሣ። ከጃኪ ኦሊቨር ጋር እየተፈራረቁ ነድተው በማግስቱ ተፎካካሪያቸውን ፖርሼ በ120 ሜትር ገደማ ቀደሙት። ይህን ሁሉ የምትናገረው ያቺ 6 ቁጥር ናት። የኔው መኪና አሁን የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ አልኮል ወዲያ! በደረቅ የሜካፕ ብሩሽ ጀምሩ። አዲስ ይሁን፤ የእህታችሁ ፓውደር አለበት። ያልለቀቀ ካለ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጣል አድርጉ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራችሁ በደንብ ጭመቁ፤ ከመኪናው ሆድ ሞክሩት። ቁጥሩ ጋ ስትደርሱ ማሸት የለም። ጥጡን እያንከባለላችሁ አንሱ። ጠርዙ ብድግ ካለ ወዲያው አቁሙ፤ ቆሻሻው ይቅር። ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ በራሰ ሌላ ጥጥ ጥረጉና ጥላ ላይ ይድረቅ። ፀጉር ማድረቂያ አያስፈልግም።

አንድ የረሳሁት፦ ፕላስቲክ ላይ ለዓመታት የቆመ ጎማ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል። ከሆዱ ሥር ቁራጭ ካርቶን አስገቡና ጎማው ብድግ ይበል።

ጂቲ40ው አሁንም ብፌው ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን ቆሟል። እናቴ «ታርጋ የሌላት» ትላታለች።