ኪቦርድ ላይ ዜማ ስትደርሱ መነሻ ድምፁን ማን መረጠው?

ደሴ ውስጥ ኪቦርድ ሳስተምርና በየሠርጉ ስጫወት ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዜማ የሚደርሱ ወጣቶች ሥራቸውን ይዘው ሲመጡ አስቀድሜ የምጠይቀው «ከየትኛው ድምፅ ነው የምትነሳው?» ብዬ ነው። አብዛኞቹ «ከሲ» (C ከሚባለው ነጭ ቁልፍ) ይሉኛል። ለምን ከሲ? «ይቀለኛል።»

ለጣት ስለቀለለ ብቻ መምረጥ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት። የመጀመሪያዋ ኪቦርዴ ያገለገለች ነበረች፤ መሐል ላይ ያለው የኤፍ ቁልፏ አይጮኽም። ያን ቁልፍ እየዘለልኩ ሁልጊዜ ከሲ ስነሳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የደረስኩት ሁሉ በትዝታ ቅኝት (ዜማው በሚሠራባቸው አምስት ድምፆች) ሆነ። ትዝታ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ኤፍ የለበትም። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ግን ከሲ ሲነሱ ሦስቱም ኤፍን ይፈልጋሉ። የወሎ ልጅ ሆኜ ባቲም አምባሰልም የሌለበት የዜማ ደብተር ሞላሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ትዝታ ነው የሚስማማኝ» እል ነበር። መነሻዬን ወደ ዲ ወይም ወደ ጂ ባዞር ኖሮ የተበላሸው ቁልፍ ቅኝት ባልመረጠልኝ።

ሁለተኛው ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ መቅረት ነው። አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ እየነካችሁ ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ በስተቀኝ ያለው ጥቁር) ላይ ብታሳርፉ ትዝታ ታገኛላችሁ፤ ኢ ፍላት (ከኢ በስተግራ ያለው ጥቁር) ላይ ብታሳርፉ ማይነር የሚባለውን የባቲ ዓይነት። ጀማሪ ይህን ያወቀ ሌሊት አይተኛም፤ ደስታውን ሳይ እኔም ደስ ይለኛል። አሜሪካዊው ዜማ ደራሲ ኢርቪንግ በርሊን (እ.ኤ.አ. 1888–1989) ፒያኖ ሲጫወት ከኤፍ ሻርፕ አይርቅም ነበር፤ ሌላ ድምፅ ሲያስፈልገው በተለየ መንገድ የተሠራውን ፒያኖውን ማንሻ ያዘዋውራል፣ ጣቶቹ ከለመዱት ቦታ ሳይነቃነቁ ዜማው ይቀየራል። ልማዱ ነውር የለበትም፤ እሱ ግን ማንሻውን መጠቀሙን አይረሳም።

እኔ ረስቼ አይቻለሁ። ኤፍ ሻርፕ ላይ የደረስኩትን ትዝታ ይዤ ከአንድ አዛውንት ዋሽንት ነፊ ጋር ልለማመድ ተቀመጥኩ። ከጨርቅ ከረጢታቸው አምስት ዋሽንት አውጥተው ጭናቸው ላይ ደረደሩ። አንዱን ነፉት፣ ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የክራር ክር ይወጠራል፣ የማሲንቆ ጭራ ይጠብቃል ይላላል፤ መቃ ግን አንዴ ተቆርጦ ከተበሳ ያው ነው። አምስተኛውን ካስቀመጡ በኋላ «አብሽር ልጄ፣ አንተ ትንሽ ዝቅ በልልኝ» አሉኝ። ወደ ኤፍ ወረድኩ፤ ሁለተኛው ዋሽንታቸው ልክ ገባ። ግማሽ ድምፅ (አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሁለት ቁልፎች ርቀት) ብቻ ነበር የለየን።

አምባሰልን ሳያውቁ ትዝታ ማድረግ፤ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ከኤፍ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ የኤፍ ትዝታ ማይነር ናቸው፣ የተጨመረም የጎደለም የለም። ልዩነቱ ዜማው ገብቶ የሚያርፍበት ቤት ነው። ቀኝ እጅ አምባሰልን እያንጎራጎረ ግራ እጅ የኤፍ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚነኩ ድምፆች) ከረገጠ፣ የአድማጭ ጆሮ ቤቱ ኤፍ ነው ብሎ ይቀመጣል። አምባሰሉ እዚያው አለቀ። ባለፈው ክረምት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ልክ እንዲህ ያለ ዜማ አመጣልኝ፤ ስሙንም «አምባሰል» ብሎታል። የግራ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁና «ሲና ጂን ብቻ ያዝ» አልኩት። «ጋሼ፣ ባዶ ሆነ እኮ» አለኝ። ይሁን! ማሲንቆ በአንድ ጭራ ይህን ሁሉ ዘመን ስንቱን ሲያስለቅስ ኖሯል፤ የባዶነት ክስ የመጣው አሥሩንም ጣት ሥራ ማስያዝ ከሚፈልግ ሰው ነው። ኪቦርዱ በራሱ የሚጨምረውን አጃቢ ኮርድም አጥፉት፤ እሱ የአምባሰልን ተራራ አያውቀውም።

አንቺሆዬ ላይ ግን ይህን ምክር እንዳትጠቀሙ። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ግራ እጃችሁ ጂን ከነካ ይበላሻል። ሲና ኤፍ ይበቃል። ድምፃዊው አንቺሆዬን ሲዘፍን ከኪቦርዱ ትንሽ ፈቀቅ ቢል እሱን ለማረም አትቸኩሉ፤ በእኩል ርቀት የተከፋፈሉት የኪቦርዱ ድምፆች ናቸው፣ የድምፃዊው አይደሉም።

ሌሊት በሹክሹክታ መድረስ። የደሴ ብርድ አለ፣ ጎረቤት ተኝቷል፣ ጋቢ ተከናንባችሁ በለሆሳስ ታንጎራጉራላችሁ፤ ዜማው ጉሮሮ ሥር ይቀራል። መድረክ ላይ ያው ዜማ አይሰማም። ነጋ ሲል ቆማችሁ በሙሉ ድምፅ ዝፈኑት፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ይፈልጋል። ወንድ ከሲ የደረሰውን ሴት ስትዘፍነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤፍ ወይም ወደ ጂ ይሄዳል። ከፍተኛው ድምፅ ላይ የሚወድቀውን ቃልም እዩት፤ እዚያ ላይ «ና» ብሎ መጮኽ ይቀላል፣ «ሂጂ» ያንቃል።

የመጨረሻውን አዝማች ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ። ክራርና ዋሽንት ካለበት አታድርጉት።

ትራንስፖዝ የሚባለውን፣ ጣት ቦታውን ሳይለቅ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ማመን። ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ ጣቴ ሲ ላይ ሆኖ ድምፃዊቷ በኢ ፍላት ትዘፍናለች። መብራት ጠፋ። ጭብጨባው ሳያቋርጥ እሷ ያለ መሣሪያ ቀጠለች፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት! ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኪቦርዱም እንደ አዲስ ተነሳ፤ ሦስቱ ወደ ዜሮ ተመልሷል። እኔ በሙሉ ልቤ ሲ ላይ ገባሁ። ሙሽራዋ ሳትቀር ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ በኢ ፍላት የሚዘፈነውን ከራሱ ከኢ ፍላት ተነስቼ መጫወት ተለማመድኩ፤ ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ ግራ እጄ አሁንም አንዳንዴ ይሳሳታል።