ወደ ጡዘት የሚያደርስ መንገድ፦ ልብ ሰቀላንና እፎይታን ስለ ማፈራረቅ

የአንድ ታሪክ ጡዘት፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ ጉልበት የሚያገኘው ከራሱ ሳይሆን፣ አንባቢው እዚያ እስኪደርስ ድረስ ልቡ ተንጠልጥሎ ከቆየባቸውና መለስ ብሎ ከተነፈሰባቸው ቦታዎች ነው። ይህን የተረዳሁት ሐዋሳ ውስጥ ጥቂት ጀማሪ ጸሐፊዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን ጽሑፎቻችንን እናነብ በነበረበት ጊዜ፣ በጣም የተመካሁበትን አጭር ልቦለድ አንብቤ ስጨርስ ከአድማጮቹ አንዷ «መጨረሻው አስደንግጦኛል፤ እስከዚያ ድረስ ግን አንዴም አልተጨነቅሁም» ባለችኝ ዕለት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነበር። አንድ ወጣት የአጎቱን የዓሣ መረብ ይዞ ወጥቶ ማታ ሐይቁ ላይ ይጥላል፤ ንጋት ላይ ሊያወጣው ሲሄድ ጉማሬ ጀልባውን ይገለብጥበታል። መረቡን የወሰደው ሳያስፈቅድ መሆኑን ለመጨረሻው ገጽ እንደ ምስጢር ደብቄው ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አንባቢ የሚጨነቀው ሊደርስ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ሲያውቅ እንጂ ሲደበቅበት አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከታሪኩ ምስጢሮች መካከል የትኛው ለአንባቢ ቀድሞ መነገር እንዳለበት መለየት ነው። ስርቆቱን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ሳመጣውና አጎትየው ዘወትር ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዓሣ ወደሚሸጥበት የሐይቁ ዳርቻ፣ አሞራ ገደል፣ እንደሚደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጨምርበት፣ ቀድሞ እንዲሁ ያለፉት የማታው ትዕይንቶች ሁሉ ሰዓት ተቆጠረባቸው።

ቀጣዩ ሥራ እፎይታን መስጠት ሲሆን፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም ይህን ከልብ ሰቀላው ያነሰ አድርገን ስለምናየው ነው። ያለ ዕረፍት የሚጨምር ጭንቀት ከጥቂት ገጾች በኋላ ይደነዝዛል። ይሁንና የሚሰጠው እፎይታ ሙሉ መሆን የለበትም፤ አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሌላ የከበደ ጥያቄ ማንሳት አለበት። እንቆቅልሽ ስንጫወት ያደግን ሰዎች ይህን አሳምረን እናውቀዋለን፦ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱ ጠፍቶት እጅ ሲሰጥ፣ ጠያቂው ወዲያው አይመልስለትም፤ «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ የተሰጠውንም አገር መጀመሪያ አልቀበልም ሊል ይችላል። መልሱ በቀረበበት ሰዓት የሚዘገይባት ያቺ ትንሽ ጊዜ፣ ከጥያቄው በላይ ትናፈቃለች።

በእኔ ታሪክ ውስጥ ይህ እንዲህ ሆነ፦ ወጣቱ ማታ የጣለውን መረብ ንጋት ላይ ያጣዋል፤ በጭንቀት ሲፈልግ ቆይቶ ቄጤማው ሥር ተጠምዝዞ ያገኘዋል፤ ውስጡም ቆሮሶ ዓሣ ሞልቶበታል። አንባቢው እዚህ ተነፈሰ። ይሁን እንጂ ወጣቱ መረቡን ወደ ጀልባው ሲስብ መሐሉ በጉማሬ ተቀድዶ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ጠፍቶ ከመቅረት ይብሳል፤ የጠፋን መረብ ሌባ ወሰደው ማለት ይቻላል፣ የተቀደደን ግን መልሶ ማስረከብ ያስፈልጋል። ጉማሬው ራሱ አንዴም አልታየም፣ አልናፈቀኝምም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚመች ቋንቋ ነው። ማሰሪያ ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ልብ ይሰቅላል፤ አንባቢው ሰውየው ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ አራት ነጥቡ መጠበቅ አለበት። ከሁለተኛው ቅጂዬ አንድ ቦታ ልጥቀስ፦

«ጀልባውን ከቄጤማው አውጥቶ፣ ውኃው እንዳይጮኽ መቅዘፊያውን በቀስታ እየሰደደ፣ ማታ በምልክትነት የያዘውን ዛፍ ከታቦር ተራራ ጫፍ ጋር አስተካክሎ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ውኃው ውስጥ አስገባ። ገመዱ የለም።»

በመጀመሪያው ቅጂ ይህ በአምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱ አራት ነጥብ ለአንባቢው ያልተገባ ዕረፍት ይሰጠው ስለነበር «ገመዱ የለም» የሚለው ከቀሩት ጋር እኩል ሆኖ ያልፍ ነበር። ረጅሙ እስትንፋስ ሲያስይዝ አጭሩ ይመታል። ዘዴው ግን በአንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ይነቃበታል።

ጡዘቱን በተመለከተ፣ በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ታሪክ ወደ ጡዘት ሲወጣና ከዚያ ሲወርድ የሚያሳየው ሦስት ማዕዘን ምንጩ ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ድራማ አጻጻፍ ያሳተመው መጽሐፍ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። እሱ የገለጸው ባለ 5 ገቢር ተውኔትን ስለነበር ጫፉ የሚውለው መሐል ላይ ነው፤ ይህንኑ ሥዕል ወደ 10 ገጽ ታሪክ ያመጣ ሰው ከጡዘቱ በኋላ 5 ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይዞ ይቀራል። ከቦታው ይልቅ ግን ምንነቱ ይበልጣል። ጡዘት በገጸ ባሕርዩ ላይ የሚደርስ አደጋ ብቻ ከሆነ አንባቢው ያዝናል፣ ወይም ይደነግጣል፤ ገጸ ባሕርዩ ከሁለት የሚጎዱ ነገሮች አንዱን እንዲመርጥ የሚገደድበት ቅጽበት ሲሆን ግን፣ አንባቢው አብሮት ይመርጣል። ስለዚህ ጡዘቱን ከሐይቁ አውጥቼ ወደ ዳርቻው አመጣሁት፦ አጎትየው በዓሣ ገዢዎች መሐል ቆሞ፣ አንድ ምንም የማያውቅ ድሃ አጥማጅን «መረቤን አንተ ነህ የወሰድከው» እያለ አንገቱን ይዞታል፤ ወጣቱ ጀልባውን እያስጠጋ ይህን ይሰማል፤ የተቀደደው መረብ ከእግሩ ሥር ነው፤ ወደ ኋላ መቅዘፍም ይችላል።

ወጣቱ «አባባ፣ እኔ ነኝ» ካለ በኋላ የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። አንድ ገጽ ተኩል የዕርቅና የምክር ንግግር ጽፌ የነበረ ሲሆን፣ በሙሉ ሰርዤ አጎትየው የሰውየውን አንገት ለቅቆ፣ መረቡን ተቀብሎ፣ ቀዳዳውን በስንዝር ሲለካ የሚታይበትን አራት መስመር ብቻ አስቀረሁ። እዚህ ላይ የሚሰጠው እፎይታ ከቀድሞዎቹ በተለየ ምንም አዲስ ጥያቄ አያነሣም፤ አንባቢውም መተንፈስ ያለበት ያለ ጸሐፊው ንግግር ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ለዚያው ስብስብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ ፊቴን ከወረቀቱ አንሥቼ አድማጮቹን አየሁ፤ ጸሐፊ የት እንደለቀቀ የሚታየው ወንበር ሲንቋቋ ነውና። ያቺው አድማጭ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ቆይታ «የመረብ ፍለጋው ግን ረዝሟል» አለችኝ፤ ማታ ገብቼ ሁለት አንቀጽ ቆረጥሁ።