ከረገፈ የዝይ ላባ ዲ.ኤን.ኤ አልወጣ ሲል

በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ላይ የሚኖሩትን ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች ሳንይዝና ሳናስጨንቅ፣ ከረገፉ ላባዎቻቸው ጾታቸውን ለመለየት ስንሞክር፣ ለማነጻጸሪያ ያስገባነው የዶሮ ደም በትክክል እየሠራ የላባው ፒ.ሲ.አር (ዲ.ኤን.ኤን አባዝቶ ለማየት የሚያስችል ዘዴ) ግን በተደጋጋሚ ባዶ ይወጣ ነበር።

የአገዳውን (በላባው ሥር ያለውን ባዶ ቱቦ) የታችኛውን ጫፍ በብዛት ቆርጦ መጨመርም ሆነ የፒ.ሲ.አሩን ዙር ማብዛት አልረዳም።

መፍትሔው የተገኘው ከአገዳው ላይኛ ጫፍ ነው። ጸጉራማው ክፍል በሚጀምርበት ቦታ ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ፣ ላባው ሲያድግ ይመግበው ከነበረው የደም ሥር የተረፈ ጠቆር ያለ የደረቀ ደም ይገኛል። አገዳውን በስለት በቁመቱ ሰንጥቀን ይህን ደም ብቻ አወጣንና፣ የኬራቲንን (ላባው የተሠራበትን ጠንካራ ፕሮቲን) የሰልፈር ትስስር የሚበጥሰውን ዲ.ቲ.ቲ የተባለ ኬሚካል፣ ፕሮቲን ከሚፈጨው ኢንዛይም ከፕሮቲኔዝ ኬ ጋር ጨምረን በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳደርነው። ዲ.ቲ.ቲ ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ የተበጠበጠ ቢሆን ይመረጣል። በፒ.ሲ.አሩ ላይ ደግሞ ሥራውን የሚያግዱ ነገሮችን እንዲይዝልን ቢ.ኤስ.ኤ የተባለ ፕሮቲን ጨመርን።

ከዚያ በኋላ በወፎች የጾታ ክሮሞዞሞች ላይ የሚገኘው የሲ.ኤች.ዲ ጂን በሴቶቹ ሁለት፣ በወንዶቹ አንድ መስመር ሆኖ ዲ.ኤን.ኤን በመጠኑ በሚለየው ጄል ላይ ጎልቶ ታየ። ላባውን በፕላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በወረቀት ፖስታ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ፤ እርጥበት ዲ.ኤን.ኤውን ይሰባብረዋል።