የኬጂ ክፍላችን ጩኸት እንዴት ረገበ

ባሕር ዳር የማስተምርበት የኬጂ ክፍል በጣም ያስተጋባ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ድምፅ የሚውጥ ነገር ስለሌለ ልጆቹ ለመሰማማት ይጮኻሉ። ሲጮኹ ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ከጣና ዳር መጣ። ወለሉ ላይ የደንገል ምንጣፍ አነጠፍን፤ ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዴ ወጠርን። የደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ለእግርም ይመቻል። እርጥበት ከነካው ግን ይሻግታል፤ አርብ አርብ ፀሐይ አስመቱት።

ደማቁን ግድግዳ ክሬም ቀባን። ሥዕሎቹን በልጆቹ ዓይን ልክ ዝቅ አድርገን ሰቀልን። እኔ በጣም የምወደው ግን ጥጉን ነው፦ ትንሽ ፍራሽ፣ ትራስ፣ በነጠላ የተከለለ። የከፋው ልጅ ራሱ ሄዶ ጋደም ይላል፤ ሲበቃው ተነስቶ ይመጣል። ማንም አይጎተጉተውም።

አሁን ተረት ስነግራቸው ድምፄን ከፍ ማድረግ አያስፈልገኝም።